የዓሣ ወጥ ለምን ይበታተናል? ወጡን መጀመሪያ ያለ ዓሣ ጨርሺው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ነው። የእናቴ የዓሣ ወጥ በጣም ይናፍቀኛል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነልኝም። ዓሣው ተበታትኖ ገንፎ ይሆናል። ወጡ ውሃ ውሃ ይላል። በርበሬው ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ክርፋቱ ቤቱን ስለሚሞላው አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አልወደዱትም። የምጠቀመው ከሱፐርማርኬት የሚገዛ የቀዘቀዘ የባሳ ፊሌቶ ነው። በርበሬው ከቤት የተላከልኝ ነው። ዶሮ ወጥ እሠራለሁ፤ የበላ ሁሉ ይመርቀኛል። ዓሣውንም እንደዚያው ነው የሠራሁት። እናቴ ቀድማ ትጠብሰው ነበር መሰለኝ፤ በደንብ አላስታውስም። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት ሰው ጠርቻለሁ። እባክዎ ይርዱኝ።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እንደዚያው ነው የሠራሁት» የምትለው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዶሮ ወጥ አሳምራ የምትሠራ ሴት ሙያ አላት። ስለዚህ አይክፋሽ። ዶሮ ወጥ ላይ የለመድሽው ነገር፣ ሥጋው ከወጡ ጋር ረጅም ሰዓት እየተንተከተከ መብሰሉ ነው። ዶሮው ወጡን ያጣፍጠዋል፤ ወጡም ዶሮውን ያለሰልሰዋል። ዓሣ ግን ይህን አይችልም። የዓሣ ወጥ ሲሠራ ወጡ መጀመሪያ ብቻውን ይበስላል። ቀምሰሽ «አሁን በእንጀራ ይበላል» እስክትዪ ድረስ ይበስላል። ዓሣው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚቆየውም 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሌላው የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ድስቱ ፊት ቆመሽ አትጨነቂም። በሬ በእግሩ ቆሞ ክብደቱን ይሸከማል። ስለዚህ ሥጋው ውስጥ ጠንካራ ጅማት አለው። ያ ጅማት እስኪቀልጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ዓሣን ግን ውሃው ይሸከምለታል። ጅማቱ ትንሽ ነው፤ ያለውም ስስ ነው። የበሰለ ዓሣ ስትቆርሺ ሥጋው በንብርብር በንብርብር ሲላቀቅ አይተሽ የለ? ንብርብሩን አያይዞ የያዘው ስስ ሽፋን ገና ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። ሥጋው ራሱ 63 ዲግሪ ላይ በደንብ በስሏል። የሚንተከተክ ወጥ ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል። እንግዲህ አስቢው። ዓሣሽን አንድ ሰዓት ስታንተከትኪው፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የበሰለን ነገር ሌላ ሃምሳ ደቂቃ እየቀቀልሽው ነው። በዚያ ላይ በማማሰያ ታገላብጪዋለሽ። ገንፎ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።

እኔም ይህን የተማርኩት ተበላሽቶብኝ ነው። ሐዋሳ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገና እንደገባሁ፣ ለ40 ሰው የዓሣ ወጥ እንድሠራ ታዘዝኩ። ያዘዘኝ ሰው ዓሣውን ከሽንኩርቱ ጋር አብሬ እንድጥደው ነገረኝ። ጣድኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ድስቱ ውስጥ እሾህ ብቻ ቀረ። እንግዶቹ ሽሮ በሉ። በማግስቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ ወጥ ሠሪ እናት ጠሩኝና ባዶውን ቁሌት አስቀመሱኝ። «ይህ ይጣፍጣል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው አሁን ዓሣውን ስጪው» አሉኝ። ያን ቀን የሠራነው ወጥ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዓሣሽ ልምጣ። ባሳ የምትይው ከቬትናም፣ ከሜኮንግ ወንዝ አካባቢ እየረባ የሚመጣ ዓሣ ነው። ርካሽ ነው፤ እሾህም የለውም። ለዚያ ነው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሱፐርማርኬቶች በሱ የተሞሉት። ነገር ግን ሥጋው ለስላሳና ውሃ የበዛበት ነው። ብዙ ጊዜም ፊሌቶው ከመቀዝቀዙ በፊት ውሃ የሚይዝ ጨው ውስጥ ይነከራል፤ ከላይም በበረዶ ይለበጣል። ማሸጊያውን ገልብጠሽ ተመልከቺ። ኢ 451 ወይም ኢ 452 የሚል ካየሽ ያው ነው። ያ ውሃ ድስትሽ ውስጥ ይለቀቃል። «ወጡ ውሃ ውሃ ይላል» ያልሽው ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ባሳ የኛ አምባዛ ዘመድ ነው። ቅርፊት የለውም። አገራችን ውስጥ ቅርፊትና ክንፍ የሌለው ዓሣ አይበላም ብለው አምባዛን የማይነኩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ከምትጋብዣቸው ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ፊሌቶው ቆዳው ተገፍፎ ስለሚመጣ በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ንገሪያቸው። ወይም ሌላ ዓሣ ግዢ።

ለዚህ ግብዣ ሌላ ብትገዢ እመክርሻለሁ። ዴራ ካለው ዋተርፍሮንት ማርኬት ብትሄጂ ዓሣ በየዓይነቱ ታገኛለሽ። አጥቦ፣ ቅርፊት ፍቆ የሚቆራርጥልሽ ሰውም እዚያው አለ። አቅምሽ ከፈቀደ ሃሙር ግዢ። ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፤ ወጥ ውስጥ ቅርጹን ይይዛል። ውድ ከሆነብሽ ኪንግ ፊሽ የሚሉትን ከእነ አጥንቱ በወርዱ አስቆርጪ። ውፍረቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጠረኑ ከሃሙር በረታ ይላል፤ በርበሬው ግን ይችለዋል። ሁለቱም ካልሆነ ሙሉ ቲላፒያ ውሰጂ። ቲላፒያ ማለት እኛ ቆሮሶ የምንለው ነው። ከዝዋይም ከሐዋሳም ከጣናም የምንበላው ያው ዓሣ ነው። እናትሽም በሱ ሳይሠሩልሽ አይቀሩም። ሥጋው ስስ ስለሆነ ግን ጊዜው ያጥራል።

ይህን አገር ቤት ሆና የምታነብ ካለች፣ ለወጥ ከሁሉ የምመርጠው አርባ ምንጭ በኩል ከጫሞ የሚመጣውን ትልቁን ነጭ ዓሣ ነው። ናይል ፐርች የሚባለው። ወፍራም ሥጋ አለው። ጣና ዳር «ነጭ ዓሣ» ሲሉሽ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ እሾሁ ይበዛል። ስትገዢ ጠይቂ።

ዓሣው ከእነ አጥንቱ ቢሆን ደስ ይለኛል። አጥንት ሥጋውን ይይዘዋል፤ ወጡንም ያጣፍጣል። ጭንቅላቱን ደግሞ እንዳትጥዪ። ስንጥቡን ብቻ አውጥተሽ ጣዪው፤ እሱ ይመራል። ጭንቅላቱንና ትርፍራፊ አጥንቱን በደንብ አጥበሽ፣ በሊትር ተኩል ውሃ፣ ከአንድ ቁራጭ ዝንጅብል ጋር በዝግታ ቀቅዪ። 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጣዕሙ ይከብዳል። አጥልዪው። ወጡ ላይ በውሃ ፋንታ ይህን መረቅ ጨምሪ። ዶሮ ወጥ ላይ ዶሮው የሚሰጠውን ጣዕም እዚህ የሚሰጥሽ ይህ መረቅ ነው። ዓሣው አሥር ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ወጡን ራሱ ሊያጣፍጠው አይደርስም። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ያሳዝነኛል።

ስለ ክርፋቱ። ሁለት ዓይነት ሽታ አለ። የባሕር ዓሣ ሲቆይ የሚያመጣው የሚሰነፍጥ ሽታ አለ። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ደግሞ ጭቃ ጭቃ ይላል። ይህን የጭቃ ሽታ የሚያመጣው ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው፤ ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይሠሩታል፤ ዓሣው ቆዳና ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። የኛ እናቶች ሳይንሱን ሳያነቡ መድኃኒቱን አግኝተውታል። ሎሚ ነው። ኮምጣጣ ነገር ሁለቱንም ሽታ ይሰብራል። ግን አያያዙን እወቂ። ዓሣውን አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት አድርቂው። ሆዱ ውስጥ ጥቁር ስስ ሽፋን ካለ በጨው ፈትገሽ አውጪው። ፊሌቶ ከሆነ መሐሉ ላይ ያለውን ጠቆር ያለ ሥጋ በቢላ አንሺው። ከዚያ በሎሚና በጨው እሺው። 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ አይለፍ። ሎሚው ሲቆይ ሥጋውን ያለ እሳት ያበስለዋል፤ ነጭና ፍርክስክስ ያደርገዋል። ምናልባት አንቺም አንድ ቀን አሳድረሽው ይሆናል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ለቅለቅ አድርጊውና እንደገና አድርቂው። ማድረቁን አደራ።

የቀዘቀዘ ከሆነ ማታውን ከፍሪዘር አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊው። ቸኩሎ የቀለጠ ዓሣ ውሃውን ሁሉ ይለቅና ሥጋው እንደ ስፖንጅ ይቀራል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፤ ቁሌቱ ጋ። ከአንቺ ጋር ሰባት ስለሆናችሁ፣ ለ1 ኪሎ ተኩል ዓሣ 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያስፈልግሻል። ደቆ ይከተፍ። በሚክሰር አትፍጪው። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን አንድ ጊዜ ይለቅና እየተቀቀለ ይቀራል፤ የጥሬ ሽንኩርት ሽታውም አይለቅም። አውቃለሁ፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጊዜ ይወስዳል። ግን ዓሣ ወጥ ውስጥ ወጡን የሚያወፍረው ሽንኩርቱ ብቻ ነው። ሌላ የሚያወፍረው ነገር የለም።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጣጂው። ሰፊ ድስት ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። እያማሰልሽ ውሃውን ይጨርስ። ታችኛው መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ታደርጊና ትፍቂዋለሽ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ሽንኩርቱ ጠውልጎ፣ ወርዶ፣ ወርቃማ ሆኖ ሲለሰልስ ዘይቱን ጨምሪ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ። በዛ እንዳትዪ።

የበርበሬን ነገር ደግሞ ላስረዳሽ። የበርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም የሚሟሟው ዘይት ውስጥ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይደለም። ዘይት ስታሳንሺበት በርበሬው ወጡ ውስጥ እንደ አሸዋ ይንሳፈፋል። ጉሮሮሽን የከረከረሽ እሱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ዓሣው እንዳይበታተን ፈርተሽ በርበሬውን ቶሎ ቶሎ አድርገሽዋል ብዬ እገምታለሁ። ዓሣው ገና ሳይገባ ሲሆን ግን የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም።

አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሪ። የተላከልሽ በርበሬ የሚያቃጥል ከሆነ ሦስት ይሁን። ወዲያው አንድ ጭልፋ ሙቅ መረቅ አድርጊበት። በርበሬ ደረቅ ዘይት ላይ በቶሎ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ በምንም አይመለስም፤ ይመራል። ውሃው ሙቀቱን ወደ 100 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ይይዝልሻል። ውሃው ሲጠጣና ቁሌቱ መንጨርጨር ሲጀምር እንደገና ጠብ አድርጊ። እንደገና። እንዲህ እያልሽ 30 ደቂቃ ታቁላዪዋለሽ። ይህን የምትሠሪ ጊዜ ከድስቱ አትራቂ፤ ስልክሽንም አስቀምጪው። መጀመሪያ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሽታው አፍንጫ ይመታል። ቆይቶ ቀለሙ ወደ ጠይም ቀይ ይዞራል። ሽታውም ይለዝባል፤ ጣፋጭ ይሆናል። ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ በዳር በዳር ሲወጣ፣ ያኔ በስሏል። በጥርስሽ ቅመሽው። አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው።

ግማሹን ጊዜ እንዳለፍሽ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ወቅጠሽ ጨምሪ። ለዓሣ ዝንጅብሉ ከነጭ ሽንኩርቱ እኩል ቢሆን እወዳለሁ። ሁለት የበሰለ ቲማቲም ልጣጩን ልጠሽ ብትከትፊበትም ጥሩ ነው። ኮምጠጥ ማለቱ ለዓሣ ይስማማል። የቲማቲም ድልህ ግን አትጨምሪ፤ ወጡን ወደ ስጎ ይወስደዋል።

ከዚያ ሦስት ብርጭቆ ያህል ከመረቁ ጨምረሽ፣ ጨው አስተካክለሽ፣ በዝግታ 15 ወይም 20 ደቂቃ አንተክትኪው። ከለመድሽው ወጥ ትንሽ ወፈር ብሎ ይቁም። ዓሣው ሲገባ የራሱን ውሃ ስለሚለቅ ያቀጥነዋል። አሁን ቅመሺ። እዚህ ላይ ካልጣፈጠ ዓሣው አያድነውም። ጊዜ ስጪው። ከጣፈጠ ዓሣውን አምጪ።

ሰፊ ድስት ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቁርጥራጮቹ እላይ በላይ ሳይደራረቡ አንድ ረድፍ ሆነው መተኛት አለባቸው። እሳቱን ቀንሺ። አንድ በአንድ አስተኚያቸው። በማንኪያ ከወጡ እየቀዳሽ ከላይ አልብሺያቸው። ክደኚው። ከዚህ በኋላ ማማሰያ ድስቱ ውስጥ አይገባም። ማንቀሳቀስ ስትፈልጊ የድስቱን ሁለት ጆሮ ይዘሽ ወዝወዝ አድርጊው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ስስ ፊሌቶ ከሆነ 5 ወይም 6 ደቂቃ። መብሰሉን የምታውቂው፣ ሥጋው መሐሉ ድረስ ነጭ ሆኖ በሹካ ጫፍ ነካ ስታደርጊው በንብርብር ሲላቀቅና ከአጥንቱ ሲለቅ ነው። መሐሉ ገና እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ጨምሪለት።

እሳቱን አጥፊና መከለሻሽን ጣል አድርጊ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ዶሮ ወጥ ላይ የምታደርጊውን ያህል አታድርጊ። ቅርንፉድና ቀረፋ የበዛበት መከለሻ ዓሣን ይሸፍነዋል። እኔ ለዓሣ የማደርገው ኮረሪማ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ነጭ አዝሙድ ነው። በቃ። ከዚያ ክደኚውና 10 ደቂቃ ይረፍ። ይህን እረፍት አትዝለዪው። ሥጋው ረጋ ይላል፤ ወጡንም ጠጣ ጠጣ ያደርጋል። ሊቀርብ ሲል ግማሽ ሎሚ ጭመቂበት። ቃሪያ ከወደድሽ ሰንጥቀሽ ከላይ።

ቅቤ ስለማድረግ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። እኔ አላደርግም። ብዙ ቤት ዓሣ ወጥ የሚሠራው በጾም ስለሆነ በዘይት ነው የለመድነው፤ ለዓሣም ዘይት ይስማማዋል። የቅቤው መዓዛ የናፈቃት ሴት ዘይቱን ከትንሽ ኮሰረትና ከበሶብላ ጋር በዝግታ አሙቃ፣ አጥልላ ትጠቀም። ልዩነቱን ታየዋለች።

እናትሽ ቀድመው መጥበሳቸውን በደንብ አላስታውስም ብለሻል። እኔ አምንሻለሁ። ብዙ እናቶች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ምክንያትም አላቸው። በትኩስ ዘይት የተጠበሰ ዓሣ ላዩ ይደርቃል፤ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት ወጡ ውስጥ ይይዘዋል። ቆሮሶን ለመሰለ ስስ ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላንቺ ባሳ፣ ይህ ነው የሚያዋጣው። ገንዘቡ አልበቃ ብሎሽ በባሳው የምትቀጥዪ ከሆነ እንዲህ አድርጊ። ቁርጥራጩን በደንብ አድርቂ። ጨውና ትንሽ እርድ ያለበት ዱቄት ላይ ለወስ ለወስ አድርጊው፤ ትርፉን አራግፊ። ዘይቱ በደንብ ሲግል ጨምሪው። በአንድ ጎን ሁለት ደቂቃ፣ በሌላው ጎን ሁለት ደቂቃ። ውስጡ ባይበስልም ግድ የለም። ድስቱን አታጨናንቂው፤ ሲበዛ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ዘይት ይጠጣል። ከዚያ ወጡ ውስጥ 4 ወይም 5 ደቂቃ ብቻ።

ሁለቱን አወዳድሪ ብትዪኝ፣ ያልተጠበሰው ወጥ ጣዕሙ የጠራ ነው፤ ዓሣውም እርጥብ ነው። የተጠበሰው ደግሞ ጠንከር ይላል፤ ሲጠቀለል ይመቻል። ጥሩ ጠንካራ ዓሣ ካገኘሁ አልጠብስም። አንቺ ግን የሚናፍቅሽ የእናትሽ እጅ ስለሆነ፣ ደውለሽ ጠይቂያቸው። ጠብሰው ከነበረ ጥበሺ። የናፈቀሽን ጣዕም ሌላ መንገድ አያመጣልሽም።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ሄደሽ ታውቂያለሽ? ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣ የሚገፍፉት ልጆች እጃቸው ከዓይን ይፈጥናል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ትርፍራፊ ለመልቀም እንደ ሽማግሌ ተደርድረው ይጠብቃሉ። እዚያ ዓሣውን ጠብሰው በዳጣ ሲሰጡሽ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዓሣ ፈጣን ምግብ መሆኑን ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው የኛ ቁሌት ነው።

ለግብዣሽ የሚያመችሽም ይኸው ነው። ቁሌቱን ከነመረቁ ማታውን ሠርተሽ ጨርሺ። ፍሪጅ ውስጥ ይደር። አድሮ እንዲያውም ይጣፍጣል። ዓሣውን በማግስቱ ታጥቢያለሽ፤ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት በሎሚና በጨው ታሺዋለሽ፤ ለቅልቀሽ አድርቀሽ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። እንግዶቹ ጫማቸውን ሲያወልቁ ወጡን ጣጂ። ሲንተከተክ ዓሣውን አስገቢ። እጃቸውን ታጥበው፣ እንጀራው ተዘርግቶ፣ ጨዋታው ሲጀመር ወጡ ደርሷል። ከድስቱ ወደ እንጀራው ስታወጪ በጭልፋ አትዛቂው። በሰፊ መጥበሻ ማንሻ ከሥር ከሥሩ አንሥተሽ አስቀምጪውና ወጡን ከላይ አፍስሺ። አጥንት ያለው ከሆነ ልጅ ካለ አስጠንቅቂ።

ከተረፈ ዓሣውንና ወጡን ለይተሽ አስቀምጪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ የዱባይ ሙቀት ባለበት ክፍል ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ። በማግስቱ ወጡን ብቻ አፍልተሽ፣ ዓሣውን መጨረሻ ላይ አስገብተሽ፣ እንደገና እስኪግል ድረስ ብቻ አቆይው። ከሁለት ቀን አታሳልፊው።